ከኦቴሎ ወደ ሐምሌት፦ ጥቁር ተዋንያን በክላሲካል ቴአትር መድረክ

እ.ኤ.አ. በ1964 የሼክስፒር «ኦቴሎ» በለንደንም በኒው ዮርክም ለመድረክ በቃ። በለንደን ብሔራዊ ቴአትር የዘመኑ የእንግሊዝ ተዋንያን አውራ የነበረው ሎረንስ ኦሊቪየር ገላውን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ድምፁን ከተፈጥሮው በላይ አጎርንኖ ጥቁሩን የጦር አዛዥ ኦቴሎን ሆኖ ተጫወተ። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ጣሪያ የለሽ ቴአትር ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ ያንኑ ሚና በገዛ መልኩ ተጫወተው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ኦሊቪየር ያደረገውን ለመድገም የሚደፍር ትልቅ ቴአትር ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ በዚህ ረገድ ክርክሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኦቴሎን ለጥቁር ተዋናይ መስጠት ከለውጡ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነበር ብዬ አምናለሁ። የኦቴሎ ጥቁርነት በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ሚናውን ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጥ አዘጋጅ ጸሐፌ ተውኔቱ ያለውን ከመፈጸም በቀር የተለየ ድፍረት አያስፈልገውም። ከባዱ ነገር ጥቁር ናቸው ተብሎ ያልተጻፈላቸውን፣ ነገር ግን ለዘመናት ነጭ ናቸው ተብለው የተወሰዱትን ሐምሌትን፣ ንጉሥ ሊርን፣ ሄንሪ አምስተኛንና ጁልየትን ለጥቁር ተዋናይ መስጠቱ ነው። ይህ ሲደረግ ተመልካቹ የሚያየውን ቀለም እንዲዘነጋ ነው የሚፈለገው ወይስ እንዲያስተውል? ያለፉት ስድሳ ዓመታት ክርክር በአብዛኛው የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በመጀመሪያ የጥንት ተውኔቶች ለምን የተለየ ክብደት እንደተሰጣቸው መረዳት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የአንድ ተዋናይ ልክ የሚለካው ከሼክስፒር፣ ከግሪክ ጸሐፍትና ከመሰሎቻቸው በተወረሱት ታላላቅ ሚናዎች ነው፤ ሐምሌትን በወጣትነቱ፣ ማክቤዝን በጉልምስናው፣ ሊርን በእርጅናው የተጫወተ ሰው የሙያውን ደረጃዎች እንደወጣ ይቆጠራል። ሚናዎቹ የተዘጉበት ተዋናይ ታዲያ የሚያጣው የአንድ ወቅት ሥራ ብቻ ሳይሆን የሙያውን ዕድገት ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መቃወሚያ «በዴንማርክ ቤተ መንግሥት ጥቁር ልዑል አልነበረም» የሚል ነው። ዳሩ ግን የሼክስፒር ዴንማርካውያን የሚናገሩት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአብዛኛው በግጥም ሲሆን፣ በእርሱ ዘመን ጁልየትንና ክሊዮፓትራን የሚጫወቱት ሴት ልብስ የለበሱ ወንድ ልጆች ነበሩ። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ተቀብሎ፣ ከታሪኩ ጋር ስምምነት አድርጎ ይቀመጣል፤ ስምምነቱ በቆዳ ቀለም ላይ ሲደርስ ብቻ የሚፈርስ ከሆነ ምክንያቱን መፈለግ የሚገባው ከመድረኩ ውጭ ነው።

ነገሩ ከ1964 እጅግ ይቀድማል። በ1821 የቀድሞ የመርከብ አስተናጋጅ የነበረው ዊልያም ብራውን የተባለ ጥቁር ሰው በኒው ዮርክ የጥቁሮች የቴአትር ጓድ አቋቁሞ፣ ጀምስ ሂውለትን በመሪ ተዋናይነት አሰልፎ፣ የሼክስፒርን «ሪቻርድ ሦስተኛ» ለመድረክ አበቃ። በኒው ዮርክ ግዛት ባርነት ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1827 እንደሆነ ስናስታውስ፣ ጥቁር ሰው የእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ ደፍቶ በመድረክ ላይ መቆሙ በዘመኑ ምን ያህል አስደንጋጭ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቴአትር ቤቱ የረባሾች ጥቃትና የፖሊስ ወከባ ሲፈራረቁበት ቆይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጋ። ሆኖም በ1807 በኒው ዮርክ የተወለደውና ከዚሁ የጥቁሮች ቴአትር ዓለም የወጣው አይራ ኦልድሪጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በ1825 በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ አነስተኛ ቴአትር ቤት ኦቴሎን ተጫወተ። በዚያው ዓመት «ታይምስ» ጋዜጣ የከንፈሩ ቅርጽ እንግሊዝኛን በትክክል ለመናገር አያስችለውም ብሎ ጻፈ።

ኦልድሪጅ በክፍለ ሀገር ከተሞች እየተዘዋወረ ከተጫወተ ከስምንት ዓመት በኋላ ትልቁ አጋጣሚ መጣ። በመጋቢት 1833 ታዋቂው ኤድመንድ ኪን በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ኦቴሎን እየተጫወተ ሳለ ታሞ በመድረክ ላይ ወደቀ፤ በሚያዝያ ወር ሚናውን እንዲተካ የተጠራው ኦልድሪጅ ነበር። ኮቨንት ጋርደን እንዲሁ አንድ ሌላ ቴአትር ቤት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ሕግ በለንደን ሙሉ የንግግር ተውኔት ለማሳየት የንጉሥ ፈቃድ ከነበራቸው እጅግ ጥቂት ቤቶች አንዱ በመሆኑ፣ በዚያ መቆም በሙያው ጫፍ ላይ መቆም ማለት ነበር። ጊዜውም ተራ ጊዜ አልነበረም። የእንግሊዝ ፓርላማ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ስለማስቀረት በብርቱ እየተከራከረ ነበር፤ ሕጉም በዚያው ዓመት በነሐሴ ጸደቀ። አንዳንድ የለንደን ጋዜጦች ጥቁር ተዋናይ ነጭ ተዋናይትን በመድረክ ላይ መንካቱን እንደ ነውር ቆጥረው ዘመቱበት፤ ኦልድሪጅም ሚያዝያ 10 እና 12 ከተጫወተ በኋላ ትርኢቱ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ለዛሬው ክርክር ከኮቨንት ጋርደኑ ሁለት ምሽት ይልቅ ይበልጥ ጠቃሚ ይመስለኛል። ለጥቁር ገጸ ባሕርያት የተጻፉት ሚናዎች ጥቂት መሆናቸውን ያወቀው ኦልድሪጅ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ሻይሎክን፣ ሪቻርድ ሦስተኛን፣ ማክቤዝንና ንጉሥ ሊርን መጫወት ጀመረ። «ታይተስ አንድሮኒከስ» የተባለውንም ተውኔት አስተካክሎ በማስጻፍ፣ በሼክስፒር እጅ ክፉ የነበረውን ጥቁሩን አሮን ባለ ክብር ጀግና አደረገው። ከ1852 ጀምሮ በአውሮፓ አህጉር እየተዘዋወረ በፕሩሲያ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በሩሲያ ብዙ አድናቂ አፈራ፤ ዩክሬናዊው ባለቅኔና ሠዓሊ ታራስ ሼቭቼንኮ በ1858 ምስሉን ሣለው። በ1867 በፖላንዷ ሎድዝ ከተማ ለትርኢት በሄደበት አርፎ እዚያው ተቀበረ። (የኒው ዮርክ ልጅ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያዎቹ የሴኔጋል መሳፍንት ዘር ነው ይሉ ነበር፤ ቲኬት መሸጥን ያውቅበት ነበር ማለት ነው።)

ከኦልድሪጅ በኋላ ስሙ የሚነሣው ታላቅ ኦቴሎ ፖል ሮብሰን ነው። ሮብሰን ሚናውን በ1930 በለንደን ሳቮይ ቴአትር ከፔጊ አሽክሮፍት ጋር ተጫወተ፤ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ግን ጥቁር ተዋናይ ነጭ ተዋናይትን ሲስም ተመልካቹ አይታገሥም የሚለው ሥጋት አይሎ እስከ 1943 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በማርጋሬት ዌብስተር አዘጋጅነት የቀረበው ያ ትርኢት 296 ጊዜ ታየ፤ በብሮድዌይ የሼክስፒር ተውኔቶች ታሪክም ረጅሙ ቆይታ ሆነ። ሮብሰን ትርኢቱን ይዞ በአሜሪካ ከተሞች ሲዞር ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አልጫወትም አለ። በዚህ አቋሙ ጥያቄውን ከመድረኩ ወደ ወንበሮቹ አወረደው፤ ማን ይጫወታል የሚለው ጥያቄ ማን ተቀምጦ ያያል ከሚለው ተለይቶ እንደማይቆም ከእርሱ በፊት በዚህ ግልጽነት ያሳየ ተዋናይ አላውቅም።

በዚህ መካከል ሌላ ዓይነት መንገድም ተሞክሮ ነበር። በኢኮኖሚው ቀውስ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ላጡ የቴአትር ባለሙያዎች ባቋቋመው ፕሮግራም ሥር፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው ኦርሰን ዌልስ በሚያዝያ 1936 በሐርለሙ ላፋየት ቴአትር «ማክቤዝ»ን በጥቁር ተዋንያን ብቻ አዘጋጀ። ታሪኩን ከስኮትላንድ አውጥቶ ሄይቲን ወደምትመስል ደሴት ወሰደው፤ ጠንቋዮቹም ከካሪቢያን እምነት የወጡ መስለው ቀረቡ። በትርኢቱ ባንኮን የተጫወተው ካናዳ ሊ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ በሌላ የጥንት ተውኔት የነጭ ሰው ሚና ለመጫወት እንደ ኦልድሪጅ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ በብሮድዌይ ወጣ። አንድ ምዕተ ዓመት አልፎም ጥቁር ተዋናይ ወደ እነዚህ ሚናዎች የሚገባው ወይ አገሩን ቀይሮ ወይ ፊቱን ለውጦ ነበር።

ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም አገሩንም ፊቱንም ሳይለውጡ መጫወትን፣ በሰፊው ያስለመደው የኒው ዮርክ ሼክስፒር ፌስቲቫል መሥራች ጆሴፍ ፓፕ ነው። ፓፕ በሴንትራል ፓርክ ያለ ክፍያ ሲያሳይ የሚመጣለት ተመልካች ከከተማዋ ልዩ ልዩ ሰፈር የተውጣጣ ስለነበር፣ መድረኩም ከተማዋን እንዲመስል ፈለገ። ጄምስ ኧርል ጆንስ በ1973 በዚያው ፓርክ ንጉሥ ሊርን ተጫወተ፤ በ1979 ደግሞ ሞርጋን ፍሪማን በጥቁሮችና በላቲኖች ጓድ የሼክስፒርን የሮማ ጦር መሪ ኮሪዮላነስን ተጫወተ።

ከዚህ ልምድ በመነሣት የአሜሪካ የቴአትር ሰዎች በ1980ዎቹ መንገዶቹን ለይተው መሰየም ጀመሩ። አንደኛው ቀለምን የማያይ ምደባ ነው፤ አዘጋጁ ለሚናው የሚመጥነውን ተዋናይ ይመርጣል፣ ተመልካቹም ቀለሙን ከታሪኩ ጋር እንዳያገናኝ ይጠየቃል፤ አባት ነጭ፣ ልጅ ጥቁር ቢሆን ማብራሪያ አይሰጥም። ሁለተኛው በእውነተኛው ኅብረተሰብ ውስጥ ጥቁሮች ያሏቸውን የሥራ ድርሻዎች በመድረክም መስጠት ነው፤ ዳኛውና ሐኪሙ ጥቁር ቢሆኑ ከተማው እንዲህ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ታሪኩን በሙሉ ወደ ሌላ ባህል ማዛወር ሲሆን የሐርለሙ «ማክቤዝ» ምሳሌው ነው። አራተኛው ደግሞ የተዋናዩ ማንነት ለተውኔቱ አዲስ ትርጉም እንዲጨምር ሆን ብሎ መመደብ ነው፤ አሁን ቀለምን ያገናዘበ ምደባ የሚባለው በአብዛኛው ይህ ነው። በእኔ እይታ ብዙው አለመግባባት የሚነሣው አዘጋጁ አራተኛውን መንገድ ይዞ ሳለ ተመልካቹ አንደኛውን ሲጠብቅ፣ ወይም በተቃራኒው ሲሆን ነው። ቀለም አይታይም የተባለ ትርኢት ውስጥ አሽከሮቹና ገዳዮቹ በሙሉ ጥቁር ሆነው ከተገኙ፣ አዘጋጁ አላየሁም ቢልም ተመልካቹ ማየቱ አይቀርም።

ለዚህ አካሄድ እጅግ ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከጥቁር ጸሐፌ ተውኔት መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል። በሰኔ 1996 ኦገስት ዊልሰን በፕሪንስተን በተደረገ የቴአትር ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ባሰማው ንግግር፣ ጥቁር ተዋናይን ለነጭ ሕይወት በተጻፈ ሚና ውስጥ ማስገባት የጥቁሩን የራሱን ታሪክ መካድ ነው ሲል ተከራከረ፤ በምሳሌነትም የአርተር ሚለርን «የአንድ ሻጭ ሞት» በጥቁሮች ብቻ ማዘጋጀትን ነቀፈ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ማኅበር ከታቀፉት 66 ታላላቅ የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤቶች የጥቁሮች ሊባል የሚችለው አንድ ብቻ መሆኑንም አስታወሰ። ሐያሲውና አዘጋጁ ሮበርት ብሩስቲን ኪነ ጥበብን በዘር መከፋፈል ነው ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም በጥር 1997 በኒው ዮርክ ታውን ሆል ሕዝብ ፊት ተከራከሩ።

የክርክሩን ሐሳብ በጥሞና የሚከታተል ሰው ሁለቱ ስለ አንድ ጉዳይ እየተናገሩ እንዳልነበር ይረዳል። ብሩስቲን የሚናገረው አንድ ተዋናይ በአንድ ምሽት ስለሚያደርገው ነገር ሲሆን፣ ዊልሰን የሚናገረው ግን ስለ ገንዘብና ስለ ሥልጣን ነበር፤ ትልልቆቹ ቤቶች አንድ ጥቁር ሐምሌት አሳይተው የብዝኃነት ድጎማ ሲያገኙ የጥቁሮቹ ቤቶች በገንዘብ እጦት ይዘጋሉ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ይህ ቅሬታ ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢያምርበት አይወድቅም። በሌላ በኩል በምሳሌው ላይ ዊልሰን የተሳሳተ ይመስለኛል። በ2019 በለንደኑ ያንግ ቪክ፣ በ2022 ደግሞ በብሮድዌይ ዌንደል ፒርስ የሚለርን ሻጭ ዊሊ ሎማንን ሲጫወት፣ ቤተሰቡ ጥቁር፣ አለቃውና ጎረቤቱ ነጭ ሆነው ቀረቡ። ዕድሜውን የሰጠ ሠራተኛ በወጣት አለቃው ፊት ቆሞ ሲለምን የሚታይበት ትዕይንት በዚህ አኳኋን የአሜሪካን የዘር ታሪክ ተሸክሞ ይመጣል። ዊልሰን ይጠፋል ብሎ የፈራው ታሪክ በዚያ መድረክ ላይ ጎልቶ ወጣ።

በእንግሊዝ ለውጡ በዝግታ፣ ነገር ግን በንጉሣዊ ሚናዎች በኩል መጣ። በ1986 የተቋቋመው የጥቁሮች ቴአትር ጓድ ታላዋ በ1991 በኢቮን ብሩስተር አዘጋጅነት ዶና ክሮልን ክሊዮፓትራ አድርጎ አቀረበ፤ የአፍሪካ ንግሥት የሆነችው ገጸ ባሕርይ ለጥቁር ተዋናይት ለመድረስ ይህን ያህል መዘግየቷ ራሱ የሚያስገርም ነው። በ2000 ዴቪድ ኦዬሎዎ በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ሄንሪ ስድስተኛን ሲጫወት፣ በታሪክ የሚታወቅ ነጭ ንጉሥ በጥቁር ሰው መጫወቱ ተመልካችን ያሳስታል የሚል ክርክር ተነሣ። በ2003 ኤድሪያን ሌስተር በብሔራዊ ቴአትር ሄንሪ አምስተኛን ሲጫወት ግን የኢራቅ ጦርነት ገና መጀመሩ ስለነበር፣ ሰዎች የተነጋገሩት ይበልጡን አገሩን ወደ ጦርነት ስለሚመራው መሪ ነበር። በ2016 ፓፓ ኤሲየዱ የሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ የመጀመሪያው ጥቁር ሐምሌት ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦቴሎ ራሱ ወደ ጥያቄ ተመለሰ። የጋና ተወላጁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሂዩ ኳርሺ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባቀረበው ንግግር፣ ከሚናዎች ሁሉ ጥቁር ተዋናይ መጫወት የማይገባው ሚና ምናልባት ኦቴሎ ነው ሲል ሞገተ። ነጭ ተዋናይ ተቀብቶ ሲጫወተው ተመልካቹ የሚያየው የነጮችን ምናብ መሆኑን ያውቃል፤ ጥቁር ተዋናይ ሲጫወተው ግን በቀላሉ የሚታለለውና በቅናት አብዶ ሚስቱን የሚገድለው ሰው እውነተኛ የጥቁር ባሕርይ ማስረጃ ይመስላል የሚል ነበር ሥጋቱ። ኳርሺ ራሱ በ2015 ሚናውን ሲቀበል ታዲያ ተንኮለኛው ኢያጎ ሆኖ የተሰለፈው ሌላው ጥቁር ተዋናይ ሉሺያን ምሳማቲ ነበር። ኢያጎ ጥቁር ሲሆን ጥላቻው ቀለል ያለ የዘር ጥላቻ መሆኑ ያበቃል፤ ኦቴሎ ለምን እንዲህ እንደሚያምነውም ይበልጥ ይገባል። በእኔ ግምት የአንዱን ሚና ችግር የፈታው የሌላው ሚና ምደባ ነው፤ ምደባ የትርኢቱን ሁሉንም ሰዎች በአንድነት ማየት እንጂ አንድን ተዋናይ ብቻ መምረጥ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ከእኛ ጋር በሚያገናኘው በኩል፣ በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተወለደችው ሩት ነጋ በ2018 በደብሊኑ ጌት ቴአትር፣ በ2020 ደግሞ በብሩክሊን ሐምሌትን ተጫውታለች። ሴት ሐምሌት አዲስ ነገር አይደለም፤ ሣራ በርናርድ በ1899 ተጫውታዋለች። በአገር ቤት ግን ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሰዋቸዋል፤ ተዋንያኑ ሁሉ ኢትዮጵያውያን በሆኑበት መድረክ ላይ የዴንማርኩን ልዑል ማን ይጫወተው የሚለው የቀለም ክርክር አይነሣም። አስቸጋሪው የኦቴሎ ባይተዋርነት ነው፤ ቀለሙ ከሌሎቹ ስለማይለየው እንግድነቱን በአነጋገር፣ በአለባበስ ወይም በአቋቋም መፍጠር ግድ ይሆናል።

ክርክሩ አልበረደም። በ2024 ፍራንቼስካ አሙዳ-ሪቨርስ በለንደን ከቶም ሆላንድ ጋር ጁልየትን እንድትጫወት ስትመረጥ፣ ገና ልምምድ ላይ ሳለች በማኅበራዊ ሚዲያ የዘረኝነት ስድብ ወረደባት፤ ከ800 በላይ ጥቁር ሴት ተዋንያንና ባልደረቦቻቸው በግልጽ ደብዳቤ ድጋፋቸውን ገለጹላት። የሚገርመው ሮሜዮ ጁልየትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት በኢትዮጵያዊ ጆሮ ላይ እንደተንጠለጠለ የከበረ ዕንቁ በሌሊት ጉንጭ ላይ ታበራለች ማለቱ ነው። በ«የመካከለኛው ክረምት ሌሊት ሕልም» ውስጥ ግን ላይሳንደር ሄርሚያን ሲያባርር «አንቺ ኢትዮጵያዊት» የሚለውን እንደ ስድብ ይጠቀምበታል። የሄርሚያን ሚና ለጥቁር ተዋናይት የሰጠ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ስንኝ መሰረዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሼክስፒር ዘመን ጥቁርነትን እንዴት ያይ እንደነበር አብሮ ይሰረዛል። እንዳለ ትቶ በፍጥነት ሊያሳልፈውም ይችላል፤ ነገር ግን የሰማ ተመልካች አልሰማሁም አይልም። ወይም ስድቡ በሙሉ ክብደቱ እንዲያርፍ፣ ሄርሚያም በዝምታ ሳይሆን በቁጣ እንድትመልስ አድርጎ የፍቅረኞቹን ጠብ እንደ አዲስ ይሠራዋል። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ቃሉን በየምሽቱ ፊት ለፊት የምትቀበለው ተዋናይቱ ስለሆነች ውሳኔው እርሷ በሌለችበት መወሰድ የለበትም፤ ሚናውን እንድትቀበል ስትጠየቅ ገና በመጀመሪያው ንግግር ላይ ሊነሣ ይገባል።